አፍ የሌለው ባትሪ

አባቴ ሰውንም ባትሪንም የሚያምነው አፉን ከፍቶ ካየ በኋላ ነበር። «አፉን የዘጋ ሰውና አፉን የዘጋ ባትሪ ሆዱ ምን እንደያዘ አይታወቅም» ይላል። ይህን ሲል እሱ አይስቅም፤ የምንስቀው እኛ ነበርን። አፍ የሚለው በባትሪው አናት ላይ ተደርድረው በክዳን የሚዘጉትን ቀዳዳዎች ነው። በእነሱ በኩል ውስጡን ያያል፤ ውሃው ሲጎድልም በእነሱ በኩል ይጨምራል። ከፋብሪካ ታሽገው የሚመጡትን፣ ውሃ የማይጨመርባቸውን አዲሶቹን ባትሪዎች ግን ዞር ብሎም አያያቸውም ነበር።

ይህ የሽማግሌ ግትርነት ብቻ አልነበረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት ፒካፕ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ የከሚሴ ሹፌር ነው፤ እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ፣ በሌላው ቀን ደሴ። ፍየል ጭኗል፣ ማሽላ ጭኗል፣ ሙሽራ ጭኗል፣ ሬሳም ጭኗል። ሌላው ሹፌር መኪና በዳገት ይፈተናል ሲል፣ እሱ መኪና የሚፈተነው በሙቀት ነው ይል ነበር። በጋ ላይ ሐሩሩ ኮፈን ሥር ገብቶ የባትሪውን ውሃ እያተነነ ይጨርሰዋል። ውሃ የጎደለው ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይደርቅና አንድ ቀን ጠዋት ሳይሰናበት ይሞታል።

ስለዚህ ባትሪ ሲገዛ ጊዜ ይወስዳል። እናቴ «እኔን ስታገባ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅክም» ትለው ነበር። መጀመሪያ የሚያየው የተመረተበትን ጊዜ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ባትሪ ማንም ባይጠቀምበትም አርጅቷል፤ «ሳይዳር ያረጀ» ይለዋል። ቀጥሎ ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ያያል፤ በተቃራኒው ከሆነ ገመዱ አይደርስም፣ ገመድ የሚጎትት ሰው ደግሞ እሳት ይጠራል። አምፔሩ ለመኪናዋ የሚበቃ መሆን አለበት፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ የሚገዛውን «ለአህያ የግመል ጭነት» እያለ ይቀልድበታል። ከዚያ ባትሪውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀላል ከሆነ በውስጡ ያለው እርሳስ ተሰርቋል ማለት ነው፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ አፉን ያስከፍታል።

ስለ ውሃውም ሕግ ነበረው። የሚጨምረው ከመለዋወጫ መደብር በፕላስቲክ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ባትሪን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። «ባትሪ የጠራ ውሃ ካልሆነ አይቀበልም» የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ጓዳ ያለችው እናቴም ጭምር።

በሽታው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ እግሩ አበጠ፤ ሹፌር እግሩ ቢያብጥ ማን ይገርመዋል? ከዚያ ምግብ አስጠላው፣ ፊቱ የአመድ መልክ ያዘ። ደሴ ወስደነው ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ሲነግረን አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?» እኔ ሴት ልጁ የራሴን ልስጥ ብዬ ተመረመርኩ፤ አልሆነም። ሌላ የሚሰጥም አልተገኘም። የቀረው በየሳምንቱ ደሴ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ማሳጠብ ነበር። እጥበቱ ቢያልፈው ውሃ ሳንባው ላይ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ሁለት ጊዜ ቢያልፈው ደግሞ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረን።

ግራ እጁ ላይ ለማሽኑ የሚሆን ደም ሥር ስላበጁለት በዚያ እጅ ከባድ ነገር ማንሣት ተከለከለ። መሪውንም ተወ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቼ ነበር፤ አባቴ ግን መኪናዋን አስነክቶኝ አያውቅም። አሁን ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እናቴ ከኋላ ሆና ሙሉውን መንገድ ዱዓ አደረገች። ሀርቡን አልፈን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ የደሴን ዳገት እስክንወጣ ድረስ ማርሽ ስቀይር ባጠፋሁ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምናደድ ነኝ። «አባ፣ ከፈለግክ ውረድና በእግርህ ሂድ» እለው ነበር። ይስቃል።

በሚኒባስ ለምን አትሄዱም የሚሉን ነበሩ። ሚኒባስ እስኪሞላ ይቆማል፣ እየጫነ እያወረደ ይሄዳል፤ የማሽኑ ተራ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ሲመለስማ አባቴ ተልፈስፍሶ፣ እያስመለሰው፣ ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበት ትከሻ ይፈልጋል። ነፍሱ የተንጠለጠለችው በማሽኑና በዚያች ያረጀች ፒካፕ መነሣት ላይ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን ውሃው ነው። ኩላሊቱ ስለማያስወጣለት የሚጠጣው ተለክቶ ነው፤ ያውም በከሚሴ ሙቀት። እናቴ ጠዋት ለቀኑ የተፈቀደለትን በትንሽ ጣሳ ትቀዳለት ነበር። እሱ ከንፈሩን እያረጠበ እስከ ማታ ያቆየዋል። እሷም እሱ ባለበት ውሃ መጠጣት ተወች። ሲጠማት ጓሮ ትሄዳለች፤ ጓሮ ሄዳ መጠጣቷን እሱ ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ እሷ ታውቃለች። ማናቸውም አያነሡትም። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ዝምታ እንዳለ አውቅ ስለነበር፣ ሌላም ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ነበረብኝ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከኡምራ ተመለሰች። በእኛ ዘንድ ከመካ የመጣን ሰው ለመጠየቅ የሄደ ሁሉ ቴምር ይቀምሳል፣ የተባረከው የዘምዘም ውሃ ደግሞ በትንሽ ሲኒ ይደርሰዋል፤ ወደ ቂብላ ዞሮ፣ በልቡ የሚፈልገውን ነይቶ ይጠጣል። ለታመመ ሰው ግን ድርሻው ይበዛል። አክስቴ ለአባቴ አንድ ትንሽ ጀሪካን ሙሉ አመጣችለት። እናቴ የደስታ ዕንባ እያለቀሰች ትልቁን ብርጭቆ ሞልታ አቀረበችለት። አባቴ ወደ ቂብላ ዞረ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ አንድ ጉንጭ ተጎነጨና ብርጭቆውን መለሰላት።

«ጠጣው እንጂ!» አለችው። «ይሄ እኮ እንደሌላው ውሃ አይደለም።»

«ኒያዬን አላህ ያውቀዋል። ኩላሊቴ ግን ውሃን ከውሃ አይለይም» አላት።

እናቴ ጀሪካኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባችው። እዚያው ቤት ውስጥ ፈውስ የሆነ መድኃኒት ተቀምጦ ባሏ ሊጠጣው አለመቻሉ አንጀቷን በላው። እኔ በበኩሌ የጀሪካኑን ነገር ረሳሁት።

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ማስቸገር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በደከመ ድምፅ ያቃስትና ዝም ይላል። አባቴ መኪናዋን ከቤታችን ፊት ካለው ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ አስፋልቱ አዙሬ እንዳቆማት ነገረኝ። ሱብሂ ሰግደው ከመስጊድ የሚወጡት ጎረቤቶቻችን መንገዳቸው በእኛ በር ነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ከመኪናዋ ጎን ሲቆም ካዩ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም።

«አካም ቡልቴ ጋሼ?» ይሉታል በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ!» ይላቸዋል፤ በሰላም ማለቱ ነው።

ትከሻቸውን ይሰጧታል፤ «ያ ረቢ!» እያሉ ይገፏታል። ሁሉም ሹፌር ናቸው፤ ሁሉም እኔን ያስተምራሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን ፍሪሲዮኑን ልቀቂ!» ይላል አንዱ፤ «ቆይ፣ ገና ናት!» ይላል ሌላው። ጥርሴን ነክሼ እለቃለሁ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ትነሣለች፣ እነሱም ዱዓ አድርገው ይሸኙናል። መተናነስ አይሆንልኝም፤ ቢሆንም የእነዚያን ሰዎች ትከሻ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ ቀን ግን ገፍተዋት አስፋልቱ ድረስ ወረደች፤ አልተነሣችም። እንደገና ዳገቱን ጎትተው አወጧት፤ እንደገና ገፏት። የዳሽቦርዱ መብራት እንኳ ጠፋ። አባቴን በባጃጅ መናኸሪያ ወስደን ሚኒባስ ውስጥ አስገባነው፤ ሚኒባሱም እስኪሞላ ቆመ። ሰው ለመንን፣ ረዳቱን ለመንን። ደሴ ስንደርስ የአባቴ ተራ አልፎ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር። ነገ ኑ ተባልን።

ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አደርን። አባቴ መተኛት አልቻለም፤ በተኛ ቁጥር ትንፋሹ ይቆረጣል። እናቴ ጀርባዋን ለጀርባው ሰጥታ፣ እሱ እሷ ላይ ተደግፎ፣ ሁለቱም ተቀምጠው አደሩ። እኔ የደረቱን ሲር ሲር ማለት እየሰማሁ መኪናዋን ረገምኩ፤ ባትሪውን ረገምኩ። በነጋታው ሲታጠብ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ «ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ አታገኙትም ነበር» አለኝ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ግን ሳልነግራት የገባት ይመስለኛል፤ ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ዱዓዬ ምን ጎድሎት ነው?» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው።

ከሚሴ በገባን ማግስት አባቴ በርጩማ አስወጥቶ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠ። ኮፈኑን አስከፈተኝ። የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ በሳንቲም ፈታሁ። እሱ የስልኬን መብራት ይዞ ወደ ውስጥ ሲያይ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔም አየሁ፤ ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ከክዳኖቹ ሥር ነጭ ቅርፊት ጋግሯል።

«አንቺ ውሃ ጨምረሽበታል?» አለኝ።

«እኔ ምን ቆርጦኝ! አልነካሁትም።»

ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ታየን ነበር። አባቴ መብራቱን አጠፋ።

«ሙቀት ነው» አለ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዕድሜውም ሄዷል፤ ሙቀት ጨረሰው። ዝጊው።»

ባትሪ ቤት ስንሄድ ባለሱቁ አሮጌውን ሊመረምርልን እጁን ዘረጋ። አባቴ ከለከለው። «ምን ትደክማለህ፣ ሙቀት ነው» አለው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። እንደ ድሮው ማንሣት ስለማይችል የማነሣው እኔ ነኝ፤ እሱ ፊቴን ያያል። «አንሺ… አስቀምጪ። ያኛውን አንሺ… እህ፣ እሱ ከብዶሻል፤ እሱ ይቆይ።» የተመረተበትን ጊዜ አነበብኩለት፤ ሳይዳሩ ያረጁትን አስወጣ። ፖዘቲቩ በግራ የሆነውን አስወጣ። ባለሱቁ ያቀረበለትን ትልቁን አምፔር «ዲናሞዋ የምታጠግበውን ነው የምፈልገው» ብሎ መለሰ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ አምፔራቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ሁለቱም ከመጡ ያልቆዩ። አንደኛው ባለ አፍ ነው፣ ሌላው የታሸገ። እኔ ምን ጥያቄ አለው ብዬ ባለ አፉን ወደ በሩ ይዤ ሄድኩ።

«እሱን መልሺው» አለኝ። «ያኛውን ያዢ።»

የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አላመንኩም። ባለሱቁም አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጋሼ፣ ሰው ይህን ዕቃ እንዳይገዛ ሲመክሩ የኖሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔን ራሴን ስንቴ ተቆጥተውኛል!»

«ልክ ነህ» አለው። «አሁን እሱን ስጠን።»

ተናደድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው መኖሩን ረስቼ ጮህኩ። ይህ ባትሪ ውሃው ቢጎድል በምን እናያለን? በበጋ ቢደርቅ በምን እናጠጣዋለን? ያን ሌሊት ረሳኸው? እንደገና መንገድ ላይ ልንቀር ነው? አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ደኅናውን እጁን ክንዴ ላይ አደረገ።

«ልጄ፣ ይህችን አንዴ እሺ በይኝ።»

አባቴ ያዛል እንጂ አይለምንም። ሲለምነኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ታሽጎ የመጣውን ባትሪ ተሸክሜ ወጣሁ፣ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጥኩትና ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። የገባኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ እሱ አይኖርም፤ ውሃውን የሚያይለት፣ ክዳኑን የሚፈታለት ሰው የለም፤ ስለዚህ ማንንም የማይፈልግ ባትሪ ገዛ። ተስፋ ቆርጦ መረጠ ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ወጣች። ባትሪውን ቦታው ላይ አስቀምጬ ስጠብቀው አጠገቤ መጥታ አናቱን በዓይኗ ፈለገችው። ለስላሳ ነው፤ ምንም የለውም።

«ይሄ ምኑ ላይ ነው የሚከፈት?» አለች።

«አይከፈትም» አላት አባቴ። «ይሄኛው ውሃ አይጠጣም። እንደኔ ነው።»

አዲሱን ባትሪ ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ በአንዴ ተነሣች።

ባትሪው አላሳፈረንም፤ እውነት ለመናገር እኔ ከፈራሁት እጅግ በለጠ። ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን በእሱ ምክንያት አልቀረንም። ሰጋጆቹ በበራችን ሲያልፉ ትከሻቸውን የሚፈልግ ስለሌለ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ይሄዱ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ያበሽቀኝ ነበር። ገመዶቹ የሚታሠሩባቸው ራሶች ነጭና አረንጓዴ ዝገት እየጋገሩ አስቸገሩኝ። በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጸዳቸዋለሁ፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። «ይኸው የመረጥከው!» እለዋለሁ አባቴን። እሱም ከመቀመጫው ሆኖ «ሙቀት ነው፤ ጥረጊው ያልፋል» ይለኛል።

አባቴ የሞተው መኪና እምቢ ብሎት አይደለም። ያን ቀን በሰዓቱ ደርሰን፣ በሰዓቱ ታጥቦ፣ በሰላም ተመልሰን ነበር። አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ እናቴ የቀኑን የመጨረሻ ውሃ ልትሰጠው ስትመጣ ሄዷል። ልቡ ነው አሉን። ጣሳው ውስጥ የቀረውን ውሃ እናቴ ማንንም አላስነካችም፤ ራሷ በሩ ላይ ላለችው ሎሚ አፈሰሰችላት።

ሐዘናችን ረገብ ሲል እናቴ ደሴ ውሰጂኝ አለች። እጥበት ክፍሉ ውስጥ አብረውት ይታጠቡ ለነበሩት ሰዎች ሰደቃ መስጠት ትፈልጋለች። እሺ አልኳት። በዚያ ጠዋት ልብሴን ቀይሬ ስወጣ የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል። እናቴ ከፊቱ ቆማለች፤ በአንድ እጇ አረንጓዴ ማጥለያ፣ በሌላው የዘምዘሙን ጀሪካን ይዛለች። ነጩ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ነው። ጀሪካኑ ቀሏል፤ ሲወዘወዝ ከሥሩ ጥቂት ውሃ ይሰማል።

«እስቲ ነይ» አለችኝ። «ዓይኔ ደክሞ ነው መሰለኝ፣ አሁንም የዚህን አፍ አላገኘሁትም።»

«ምን እያደረግሽ ነው እማ?»

«መንገድ እኮ ልንወጣ ነው። አላጠጣውም እንዴ?»

ከዚያ ዳቦ ስለ መጋገር እንደምትነግረኝ ሁሉ፣ በእርጋታ ነገረችኝ። አባትሽ ዘምዘሙን መጠጣት ካልቻለ፣ እሱን የሚያደርሰው ይጠጣለት ብላ ነየተች። ደሴ በምንሄድበት ቀን ሁሉ፣ እኛ ከመነሣታችን በፊት፣ ሲፈታ ታየው እንደነበረው ክዳኑን እየፈታች በየአፉ ታፈስለት ነበር። «የጠራ ውሃ ካልሆነ አይቀበልም ይል የለም እንዴ አባትሽ? ከዘምዘም የበለጠ የጠራ ውሃ ወዴት አለ?» አዲሱ ከመጣ በኋላ አፍ ስታጣበት፣ እላዩ ላይ ታፈስለትና ቢስሚላህ ብላ ኮፈኑን ትዘጋ ነበር።

«አሮጌው እኮ ያለቀለት ነበር» አለችኝ። «ሙቀት በልቶት ነበር፤ አባትሽ አፉን ከፍቶ ሲያየው እንዲያ ሲል ሰምቻለሁ። እንዲያ ሆኖ እንኳ ያን ያህል ጊዜ ያመላለሰው በምን ይመስልሻል?»

በዓይኔ ላይ የመጣው የአሮጌው ባትሪ ውሃ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቶ። ሙቀት የበላው ባትሪ ውሃው ይጎድላል እንጂ አይሞላም። ዘምዘምም ቢሆን የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጨው አለው። ይህን እኔ ሳላስተውል አልፌዋለሁ፤ በባትሪ ዕድሜውን የፈጀው አባቴ ግን ክዳኑ እንደተፈታ አይቶታል። ነጩን ቅርፊት አይቷል፣ ወደ በሩ ቀና ብሎ እጇን በነጠላዋ የሸፈነችውን ሴት አይቷል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ይህን ያየው፤ ጀርባዋን ተደግፎ አየር ሲፈልግ ካደረ በኋላ። እናም «ሙቀት ነው» አለ። ባለሱቁ እንዳያየው ከለከለ። ዕድሜ ልኩን የናቀውን ባትሪ መርጦ አስገዛኝ፤ እሷ እንዳትጨምርበት፣ እሱም አትጨምሪበት ማለት እንዳይኖርበት። አትጨምሪ ቢላት ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች ያ ሌሊት ከማን እንደመጣ ታውቃለች። ባትሪውን ለእሷ መረጠላት። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ጮህኩበት።

እኔ ያየሁትን ሳልናገር የማላድር ሰው ነኝ፤ በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ። ያን ጠዋት ቃሉ ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ማጥለያውን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ፊቷ ላይ እሱ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት እርጋታ አለ። ባሏን ለማትረፍ ያደረገችው፣ የራሷ የሆነ፣ ያላት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«አፍ የለውም እማ» አልኳት። «እላዩ ላይ አፍሺለት፤ ይበቃዋል።»

ጀሪካኑን ከሥሩ ደግፌ ያዝኩላት። ቢስሚላህ ብላ ጥቂት አፈሰሰች፤ የተረፈውን በመዳፏ ተቀብላ ፊቷን አበሰችበት። ኮፈኑን ዘጋሁ። ከጎኔ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሣ።

«አየሽ?» አለችኝ።

«አየሁ» አልኳት።

ገመዶቹ የሚታሠሩባቸው ራሶች አሁንም ነጭ ይጋግራሉ። በቅርቡ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ግራ ገባው፤ «እዚህ ላይ የሚፈስ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«ሙቀት ነው» አልኩት።